እናቴ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ለሰንበት ትጠራለች፤ ምን ላድርግ?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ይሄኛውን ግን ለብቻዬ ነው የማነበው።

ቤተ እስራኤል ነን፤ የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ሬሆቮት ነው። እኔ በዘመቻ ሰሎሞን በአውሮፕላን በ6 ዓመቴ ገባሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ በሱዳን በኩል በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ሕፃናት መዋያ ነው የምሠራው፤ ዓርብም እስከ ቀትር ሥራ ላይ ነኝ።

ከሕንፃችን ምድር ቤት አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው አሉ። ከሕንድ የመጣች ሴት ታስታምማቸዋለች። እናቴ ዓርብ ዓርብ ዳቦ ታወርድላታለች፤ ቡና ስታፈላም ትጠራታለች። የጋራ ቋንቋ ስለሌላቸው በእጅ ነው የሚነጋገሩት። ይሄ ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን ለሰንበት እራት ጠራቻት። በሳምንቱ ደግሞ ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ወረፋ ላይ ያገኘችውን፣ በቅርቡ ከጎንደር የገባ ወጣት ጨመረች። እኔ የሰማሁት ዓርብ ከሥራ ስመለስ ነው።

ባለቤቴ ተቆጣ። «እዚህ ሕንፃ ስንገባ በራችንን ያንኳኳ አንድ ሰው ነበር? ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴት ልጆቻችን መጫወቻው ጋ ሲወርዱ የራሷን ልጆች ጠርታ ታስገባለች። ለእኛ ያልተደረገውን እኛ ለማን ነው የምናደርገው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እናቴ ትጠራለች፣ ምድጃ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። በእናቴ መቆጣቴ ደግሞ ያሳፍረኛል።

ኦሪት መጻተኛውን ውደዱ ስትል ይህችን ክርስቲያን ሕንዳዊት ጭምር ነው? የማናውቀውን ሰውስ ልጆች ያሉበት ቤት ማስገባት ግዴታ ነው? የ13 ዓመት ልጄ «አያቴ ዕብራይስጥ አትችልም፤ ግን ከሁላችን የማትፈራው እሷ ናት። ለምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷም የምላት የለኝም።

ስሜ ይቆየኝ፣ ከሬሆቮት

መልስ

እህቴ፣ በመሃል በአንድ መስመር ብለሽ ካለፍሽው ልጀምር፤ ከድካምሽ። እሱ ሳይቃለል ስለ እንግዳ የምጠቅስልሽ ቃል ሁሉ ጭነት ይሆንብሻል።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 18 አባታችን አብርሃም በቀን ሙቀት በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች አየና ሊቀበላቸው ሮጠ። «ቁራሽ እንጀራ ላምጣላችሁ» አላቸው። ከዚያ ድንኳኑ ገብቶ ሣራን ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ቶሎ ለውሺ፣ እንጎቻ አድርጊ አላት። እኔ ይህን ምዕራፍ ስሰማ ልቤ ሁልጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ይቀራል። ቁራሽ የተባለው ሦስት መስፈሪያ ሆነ፤ ሣራም ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። ግን አብርሃምም ጠርቶ አልተቀመጠም። ወደ ከብቶቹ የሮጠው ራሱ ነው፣ ቅቤውንና ወተቱን ያቀረበው ራሱ ነው፣ ሲበሉም ከዛፉ ሥር አጠገባቸው ቆሟል። ጥጃውን እንዲያሰናዳ ለብላቴናው ሰጠው፤ የኦሪት ተርጓሚው ራሺ ያ ብላቴና እስማኤል ነው፣ የሰጠውም ምጽዋን፣ ማለት የኦሪትን ትእዛዝ መፈጸምን፣ እንዲለማመድ ብሎ ነው ይላል። እንግዳው የቤቱ ሁሉ እንግዳ ነበር።

በእናንተ ቤት እናትሽ ትጠራለች፣ አንቺ ትሠሪያለሽ፣ ባለቤትሽ ይቆጣል፣ ልጆቹ ይመለከታሉ። መስተካከል ያለበት ይሄ ነው። እናትሽን «አትጥሪ» አትበያት፤ ሴትዮዋን ከራሷ ጋር ማጣላት ይሆናል። «እማዬ፣ የምትጠሪው ሰው ካለ እስከ ረቡዕ ማታ ንገሪኝ» በያት። ከረቡዕ በኋላ ያገኘችው ሰው ለሚቀጥለው ሰንበት ይሁን፤ ለዚያ ሳምንት ዳቦና ቡና ይበቃዋል። ትልቋ ልጅሽ ጠረጴዛውን ትዘርጋ፣ ሰላጣውን ትቁረጥ፤ ባለቤትሽ ዓርብ ጠዋት ገበያውን ይውሰድ። ለእንግዳ ብለሽ የተለየ ወጥ አትጨምሪ። ፕላታ፣ የሰንበት ምግብ ማሞቂያው፣ ላይ ያለው ለእናንተ ከበቃ ለእንግዳውም ይበቃል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዶሮ የሚሠራበት ቤት ሁለተኛ እንግዳ ለመጥራት አቅም ያጣል፤ በእኛ ሰው ቤት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከዚህ የሚከብደው የባለቤትሽ ነገር ነው።

«ለእኛ ያልተደረገውን» ያለው እውነት ነው። እውነቱን አታስተባብዪበት። በሊቃውንታችን መጽሐፍ በታልሙድ፣ በራኾት በተባለው ክፍል ውስጥ፣ ሰላም ተብሎ ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ዘራፊ ይባላል ተብሎ ተጽፏል። ሊቃውንቱ የተነፈገን ሰላምታ እንደተቀማ ንብረት ነው የቆጠሩት። እንግዲህ ባለቤትሽ ሆደ ባሻ ሆኖ አይደለም፤ ጠዋትና ማታ ደረጃው ላይ የሚቀሙት ነገር አለ። ምንም ጥቅስ ሳትጠቅሺ በፊት «ልክ ነህ፣ በድለውሃል» በይው። ይህን ከአንቺ አፍ መስማት ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ኦሪት መጻተኛን ውደዱ ስትል የምትሰጠውን ምክንያት አብራችሁ ተመልከቱ። በዘሌዋውያን 19፣ በዘዳግም 10፣ በዘጸአት 22 እና 23 ላይ ምክንያቱ አንድ ነው፦ እናንተም በግብፅ ምድር መጻተኞች ነበራችሁ። ግብፅ ምን አድርጋልን ነበር? ጡብ አሠርታ ጀርባችንን አጎበጠች፣ ወንዶች ልጆቻችንን ወንዝ ጣለች። እዚያ አገር በራችንን ያንኳኳ ጎረቤት አልነበረንም። «የመጻተኛን ነፍስ ታውቋታላችሁ» የተባልነው ደግነት ስለተቀበልን አይደለም። ስለተነፈግን ነው። ባለቤትሽ ለማድረግ እምቢ ያለበት ምክንያት ኦሪት ለማዘዝ የተነሳችበት ምክንያት ሆኖ ታገኙታላችሁ። በታልሙድ፣ በባቫ መጺዓ፣ ታላቁ ረቢ ኤሊዔዘር ኦሪት ስለ መጻተኛ በ36 ቦታ አስጠንቅቃለች ይላል፤ 46 ነው ያሉም አሉ። ይህን ያህል የተደጋገመ ትእዛዝ ያለ ምክንያት አልተደጋገመም። የተበደለ ሰው «አሁን ደግሞ ተራው የሌላው ነው» ማለት ይቀለዋልና ነው።

ባለቤትሽ በሱዳን በኩል የመጣ ነው ብለሻል። በዚያ ጉዞና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እሱ ሕፃን ስለነበረ አያስታውስም። እናቱ በሕይወት ካሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸው፦ በመንገዱ ላይ ውሃ የሰጣቸው፣ ጥላ ሥር ያስቀመጣቸው፣ መንገዱን ያሳያቸው የማያውቁት ሰው ነበረ ወይ? አዎ ካሉ የዚያን ሰው ነገር ልጆቹ ባሉበት ይንገሩ። የለም ካሉም ይንገሩ፤ ማንም ውሃ ሳይሰጣት ሕፃን አዝላ የሄደች እናት የመጻተኛን ነፍስ ከማንም በላይ ታውቃለች።

የማውቃት አንዲት እናት እ.ኤ.አ. በ1991 ገብታ በኋላ ቤት ሲሰጧት ከጋዝ ምድጃው ጋር ብቻዋን ተፋጠጠች። እንጨት እንጂ ጋዝ አታውቅም። ክብሪቱን ትጭርና የጋዙን ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ ታጠፋዋለች። ከፊት ለፊቷ በር አንዲት ከሞሮኮ የመጡ አሮጊት ነበሩ። የክብሪት ሽታ ስቧቸው ይሁን የልጅ ለቅሶ፣ ገብተው ምንም ሳይናገሩ የእናቲቱን እጅ በእጃቸው ያዙና ቁልፉን አብረው አዞሩት። ሰማያዊው እሳት ሲወጣ እጇን አልለቀቁም፤ እስክትረጋጋ ይዘው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ሻማ ከመብራቱ በፊት በሯን ቆርቆር አድርገው ፕላታው መሰካቱን ዓይተው ይሄዱ ነበር። አንዷ የሞሮኮ ዓረብኛ፣ አንዷ አማርኛ ነው የምታውቀው። አሮጊቷ እስኪሞቱ ድረስ የእናቲቱን ስም አስተካክለው አልጠሩትም። እናቲቱ ግን ልጇን ስትድር ከሙሽራው ወላጆች ቀጥሎ ያስቀመጠቻቸው እሳቸውን ነው። በዚያው ሕንፃ ሰላም የማይሏት ሌሎች ብዙ ነበሩ። ዛሬ ስለዚያ ሕንፃ ስትጠየቅ የምታወራው ስለ አሮጊቷ ብቻ ነው።

ቀድሞ ሰላም ማለትን በተመለከተ ደግሞ ረቢ ማትያ ቤን ሔሬሽ ፒርቄ አቮት በተባለው የአበው ምክር መጽሐፍ «ለሰው ሁሉ ሰላምታን ቀድመህ ስጥ» ብሏል። ስለ ረባን ዮሐናን ቤን ዛካይ በገበያ ያገኘው አሕዛብ እንኳ ቀድሞት ሰላም ያለው ሰው የለም ይባላል። እኚህ ሰው ቤተ መቅደሱ በፈረሰበት ዘመን የኖሩ፣ ሮማውያን በሚገዟት ከተማ ገበያ የሚመላለሱ ነበሩ። ማን ይገባዋል ማን አይገባውም ብለው ቢቆጥሩ ኖሮ አፋቸውን የሚከፍቱበት ሰው ባላገኙ ነበር።

ይህ ማለት ባለቤትሽ የሦስተኛ ፎቋን ሴት በፈገግታ ይለፋት ማለት አይደለም። «ወንድምህን በልብህ አትጥላው፣ ገሥጸው» የሚለው ትእዛዝ እዚያው ዘሌዋውያን 19 ውስጥ፣ መጻተኛን ውደድ ከሚለው በፊት ተቀምጧል። ልጆች በሌሉበት ሰዓት በሯን አንኳኩና «ልጆችሽን ስትጠሪያቸው ልጆቻችን ያያሉ» በሏት። ከዚያ በላይ ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገውም። ካልተመለሰች ወደ ቫድ ባይት፣ ወደ ሕንፃው ኮሚቴ፣ ይኬዳል። የዚያች ሴት ጉዳይ ግን ከእሷ ጋር ይለቅ፤ ዕዳውን ሕንዳዊቷና የጎንደሩ ልጅ አይክፈሉት።

ባለቤትሽ ይህን ሁሉ ሰምቶም ቤቱን ለማያውቀው ሰው መክፈት ቢከብደው አታስገድጂው። ታልሙድ፣ ሱካ ውስጥ፣ ሔሴድ፣ ማለት ቸርነት፣ ከምጽዋት የሚበልጥበትን ሲቆጥር ምጽዋት በገንዘብ ብቻ ነው፣ ሔሴድ ግን በገንዘብም በገዛ አካልም ነው፤ ምጽዋት ለድሃ ነው፣ ሔሴድ ለድሃም ለሀብታምም ነው ይላል። መሰላልና መሰርሰሪያ ያለው ሰው ለአዲስ ገቢ መጋረጃ መስቀል ይችላል። ያድ ሳራ የተባለውን ድርጅት ሁላችን እናውቀዋለን፤ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ክራንች፣ የሕመምተኛ አልጋ ያውሰናል። ኡሪ ሉፖሊያንስኪ እ.ኤ.አ. በ1976 በኢየሩሳሌም ያቋቋሙት ሲሆን መነሻው ለልጅ ጉንፋን ከጎረቤት የተዋሱት የእንፋሎት መሣሪያ ነው። በየሰፈሩ ያለው ገማኽም እንዲሁ ነው፤ አንዱ የሙሽራ ልብስ፣ አንዱ ወንበርና ፍራሽ ያውሳል። የሚያውሰውም የሚዋሰውም ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ባለቤትሽ በእጁ የሚያደርገውን ያድርግ፤ ገበታውን አንቺና እናትሽ ትይዙታላችሁ።

ኦሪት ሕንዳዊቷን ጭምር ማለቷ ነው ወይ ብለሻል። በቀጥታ ልመልስልሽ። ሊቃውንቱ መጻተኛ የተባለበትን ብዙ ቦታ ወደ እምነታችን ለገባ ሰው ነው ብለው ፈተውታል፤ ይህን ደብቄ «ሁሉም አንድ ነው» ብልሽ አታለልኩሽ። ግን ጉዳዩ እዚያ አላለቀም። በታልሙድ፣ በጊቲን፣ የአሕዛብን ድሆች ከእስራኤል ድሆች ጋር እንመግባለን፣ በሽተኞቻቸውንም ከእስራኤል በሽተኞች ጋር እንጠይቃለን ተብሏል፤ ስለ ሰላም መንገድ ተብሎ። የሕጋችን ሊቅ ራምባም ይህን ሕግ ሲጽፍ የጠቀሰው «እግዚአብሔር ለሁሉ ቸር ነው፣ ምሕረቱም በሥራው ሁሉ ላይ ነው» የሚለውን የመዝሙር ቃል ነው። ለሰንበት ማዕድ አሕዛብን መጥራትም ተፈቅዷል። በበዓል ቀን ግን በዕለቱ ስለሚበስለው ምግብ ጥንቃቄ ስላለ ያንን ከረብ ወይም ከቤተ እስራኤል ቄስ ጠይቂ። በቤታችሁ ስለ ወይን የምትጠነቀቁ ከሆነ ለቂዱሽ፣ ለሰንበት የወይን ቡራኬ፣ መቩሻል የሚባለውን የፈላ ወይን ግዙ፤ ማንም ሳይሳቀቅ ይቀዳል።

ደግሞ ይህች ሴት እንግዳ ብቻ አይደለችም፤ ሠራተኛም ናት። ዘዳግም 24 ምንደኛውን፣ ወንድምህም ቢሆን በደጆችህ ያለ መጻተኛም ቢሆን፣ አትበድለው ይላል። በደጃችሁ ናት፤ ከእናንተ ጥቂት ፎቅ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ቀጣሪዋ እናንተ ባትሆኑም የዕረፍት ቀኗን በሳምንቱ ታገኝ እንደሆነ ወይም ሰውዬው ታመው ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ እንደሆነ ቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ከላይ ያለ ጎረቤት ነው። ሽማግሌው የሞቱ ዕለት ሥራዋንም መኝታዋንም በአንድ ቀን ታጣለች፤ በዚያ ሳምንት የምታንኳኳው በር የእናንተ ሊሆን ይችላል። ወደ ማዕዳችሁ ስትመጣ አንድ ነገር አደራ፦ ሳህን እንድታነሳ አትፍቀዱላት። እጇ ለምዶት ትነሳለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ሳህን ስታጥብ የምትውል ሴት እናንተ ቤት ተቀምጣ ትጠጣ።

ስለ ጎንደሩ ልጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምፈራው ከእኛው ከራሳችን አፍ የሚወጣውን ነው። ታውቂዋለሽ፤ አንድ አዲስ ሰው ገበታችን ላይ ሲቀመጥ ገና ዳቦው ሳይባረክ «የማን ልጅ ነህ? በእናትህ ነው በአባትህ? ስንት ዓመት ጠበቃችሁ? ለምን ቆያችሁ?» ይጀመራል። ጠያቂው ወዳጅነት መስሎት ነው። ልጁ ግን ያን ጥያቄ ጎንደር ሳለ በቢሮ ተጠይቆ፣ ሰነድ አቅርቦ፣ ዓመታት ጠብቆበት የመጣ ነው። ዛሬም በኩፓት ሆሊም ወረፋው ላይ፣ በሥራ ቦታው፣ በምኵራቡ ይጠየቀዋል። የታልሙድ መሠረት የሆነው ሚሽና በባቫ መጺዓ ሰውን በቃል መበደልን ከገንዘብ ማታለል ጋር አሰልፎ ያስቀምጠዋል፤ ከምሳሌዎቹ አንዱም ከኃጢአቱ ለተመለሰ ሰው «የቀድሞ ሥራህን አስታውስ» አትበለው የሚል ነው። ወደ እምነታችን የገቡ ሰዎች ልጅ ለሆነም «የአባቶችህን ሥራ አስታውስ» አትበለው ይላል። እኛ ቤተ እስራኤል ይህ በደል ምን ያህል እንደሚያቆስል ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም። እዚህ አገር ስንገባ አይሁድነታችንን የጠየቁን ሰዎች ነበሩ፤ አባቶቻችን በኢየሩሳሌም አደባባይ ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃውመዋል። ያን ጥያቄ የተጠየቀ ሕዝብ ዛሬ በገዛ ገበታው ኋላ የመጣውን ወንድሙን መልሶ ሲጠይቀው ሳይ ያመኛል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያመኛል። ልጁን «ዕብራይስጡ እንዴት ነው? ኡልፓን፣ የቋንቋ ትምህርቱ፣ ሩቅ ነው? ምን ወጥ ትወዳለህ?» በሉት። የቀረውን ሲፈልግ ራሱ ይነግራችኋል።

የማያውቁትን ሰው ልጆች ያሉበት ቤት ማስገባት ግን፣ ያልሽው ፍርሃት ትክክል ነው። ደጋጎቹ ሊቃውንትም ፈርተዋል። ደሬኽ ኤሬጽ ረባ በተባለ የሊቃውንቱ መጽሐፍ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። ረቢ ኢያሱ ቤት አንድ እንግዳ መጣ። አበሉት፣ አጠጡት፣ ሰገነት ላይ አስተኙት፤ ከዚያ መሰላሉን ከሥር አነሱት። ሰውዬው በሌሊት ተነስቶ የቤቱን ዕቃ በልብሱ ጠቅልሎ ሊወርድ ሲል መሰላሉ የለም፤ ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ የተወሰደው ትምህርት እንግዳን አክብረው፣ ተጠንቀቀውም የሚል ነው። እናንተም መሰላል አንሱ። እናትሽ ኩፓት ሆሊም ያገኘችውን ሰው የመጀመሪያ ጊዜ ቡና ታጠጣው፣ አንቺ ወይም ባለቤትሽ በሌላችሁበት ግን አይሁን። ለገበታ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የማያውቁት ሰው ማደር ካለበት ከልጆቹ ክፍል ርቆ ይደር። ይህን እንግዳው ሳያውቀው ማድረግ ይቻላል። ደግሞ አንድ ሰው አየሽና ልብሽ እምቢ ካለሽ ለእናትሽ «እሱን አይሆንም» በያት፤ ምክንያት መደርደር የለብሽም።

ልጅሽ አያቷ ለምን እንደማትፈራ መጠየቋ ደስ አሰኝቶኛል። እናትሽ ያደገችው «አትንኩኝ» በሚባልበት ሥርዓት ነው። ጎንደር በነበርንበት ዘመን ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ ታጥቦ እንጂ አይገባም ነበር፤ ምግቡም አይቀላቀልም። አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠርተው ለጎረቤት ይሸጣሉ፤ ማታ ግን ወንዝ ወርደው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ያ አጥር በብዙ መከራ መሃል ሃይማኖታችንን ጠብቆ አቆይቶልናል፤ አልነቅፈውም። አሁን ግን ያች ሴት የሕንድ ክርስቲያን አጠገቧ አስቀምጣ ሲኒ ታቀብላለች። ልጅሽ ድፍረት ብላ የጠራችው ነገር ረጅም መንገድ ተሂዶበታል። እንዴት እንደሄደችው አያቷን ትጠይቃት። ዕብራይስጥ አለመቻሏም ረድቷታል ብዬ አስባለሁ። በሰው አገር ቋንቋ ሳታውቅ የኖረች ሴት ፊትና እጅ ማንበብ ትማራለች፤ ከሕንዳዊቷ ጋር ያገናኛቸውም ይሄው ነው።

አሁን አንቺ ራስሽ ልታደርጊው የምትችዪው፣ ምድጃ የማያስነካ ነገር አለ። ሰው ልብ የማይለው ምጽዋ ነው፤ ሽኝት። እኛ አበሾች ወግ ብለን እንይዘዋለን፣ በሕጋችን ግን ከማብላቱ ይበልጣል። አብርሃም ሦስቱን ሰዎች አብልቶ አልተሰናበታቸውም፣ ሊሸኛቸው አብሯቸው ሄደ። ራምባም በኃዘን ሕግጋት ውስጥ የሽኝት ዋጋ ከሁሉ ይበልጣል ብሎ ጽፏል። በዘዳግም 21 ደግሞ መንገድ ላይ ተገድሎ ስለተገኘና ገዳዩ ስላልታወቀ ሰው የሚደረግ ሥርዓት አለ። የቅርቡ ከተማ ሽማግሌዎች እጃቸውን ታጥበው «እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰም» ይላሉ። ሚሽና ይጠይቃል፦ ሽማግሌዎቹ ነፍሰ ገዳይ ናቸው ብሎ የጠረጠረ አለ? ሲመልስም፣ ወደ እኛ መጥቶ ያለ ስንቅ አልሰደድነውም፣ አይተነውም ያለ ሽኝት አልተውነውም ማለታቸው ነው ይላል። ከተማው ሁሉ የሚጠየቀው አንድን የማያውቁትን ሰው በር ድረስ አብሮ ባለመሄድ ነው።

እንግዲህ ሕንዳዊቷ ስትወርድ አንዱ ልጅሽ ደረጃውን አብሯት ይውረድ። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርሱ ሴትዮዋ ብታያችሁ «ሻባት ሻሎም» በሏት፤ መመለስ አለመመለሱ የእሷ ነው። ለጎንደሩ ልጅ ደግሞ ሽኝቱ ረቡዕ ይጀምር። የት እንደሚኖር ሳትጠይቂ ዓርብ ማታ አትጥሪው፤ አውቶቡስ የለም፤ ሌሊቱን በእግር ሲመለስ ማንም አያየውም። ሰፈሩ በእግር የሚደረስ ከሆነ ይምጣ፣ ባለቤትሽ ግማሽ መንገድ ይሸኘው። ራቅ ካለ ግን ወይ ፍራሽ ከገማኽ ተዋሱና ይደር፣ ወይ ለሥራ ቀን ምሳ ጥሩት፤ እናትሽ እሑድ ቡና ስታፈላም ሊሆን ይችላል። ስልኩን ከእናትሽ ተቀበይና ደውዪለት፤ ያለፈው ዓርብ እንዴት አድርጎ ቤቱ እንደገባም ጠይቂው።